የተልባ እግርና የሸማኔው እጅ

ሰው በየዕለቱ የሚያየውን ነገር ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ዓይን የለመደውን ልብ ሳይመረምረው የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ልብስን የሚያህል ለሰው ቅርብ የሆነ ዕቃ የለም፤ ስንወለድ በእርሱ እንጠቀለላለን፥ ስንሞትም በእርሱ እንገነዛለን። ይሁን እንጂ የለበስነው ልብስ ከምን ተክል እንደ ተገኘ፥ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈና ማን እንደ ሠራው ብንጠየቅ፥ ከመካከላችን መልስ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ እኔም ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በደል ሠርቼ የተማርኩት ነው። ስለዚህ አስቀድሜ በደሌን እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎም ስለ ልብስ ታሪክ ያወቅሁትን አስረዳችኋለሁ።

ተልባ እግር አለውን?

በ1963 ዓ.ም. በደብረ ታቦር በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እማር ነበር። ዕድሜዬም 12 ዓመት ነበረ። አንድ ቀን ጧት በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰዓት የባለጸጋውንና የአልዓዛርን ታሪክ ስናነብ፥ ባለጸጋው የተልባ እግር ይለብስ እንደ ነበረ ከሚናገረው ቃል ላይ ደረስን። ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አንሥቶ፥ «ተልባ እግር አለውን?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። መምህራችን የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ቤታቸው ሄደው አንድ ነጭ የገበታ ጨርቅ አመጡና በየተራ እንድንዳስሰው ሰጡን። ጨርቁ ለእጅ ቀዝቀዝ ይላል፥ ከአቡጀዲድ ይከብዳል፥ ወደ ብርሃን ሲያዞሩትም ጥቂት ያብረቀርቃል። «የተልባ እግር ማለት ይህ ነው፤ የተሠራውም እናንተ ፍሬውን ከምትበሉት ከተልባው አገዳ ነው» አሉን።

እኛ ግን ነገሩን ማመን አቃተን። ተልባን ማን አያውቀውም? በፋርጣ ማሳዎችና በጉና ተራራ ሥር ባሉት እርሻዎች ሰማያዊ አበባው ሲፈካ እያየን ያደግን ልጆች ነን። በጾም ጊዜ እናቶቻችን ቈልተው፥ ወቅጠው፥ በውኃ በጥብጠው፥ እንጀራ ፈትፍተው ያበሉናል። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» እያልንም እንተርትበታለን። አገዳው ግን ከአውድማ ተጠርጎ እሳት ከማቀጣጠል በቀር ሌላ ጥቅም አለው ሲባል ሰምተን አናውቅም። መምህራችንም አለማመናችንን አይተው፥ «እስከ ገና ድረስ ከተልባ አገዳ ክር አውጥቶ ላመጣልኝ ተማሪ አንድ መጽሐፍ እሸልማለሁ» አሉ።

ጊዜው የኅዳር መጨረሻ ነበረ፤ ተልባውም ይወቃ ነበር። ከአውድማችን አንድ እቅፍ አገዳ ወስጄ በድንጋይ ብቀጠቅጠው እብቅ ሆነብኝ። በአንድ ወንበር አብሮኝ የሚቀመጥ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ፥ «አባቴ ያውቅ ይሆናል፤ ና እንጠይቀው» አለኝ። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በእኛ ቤት ወደ ሸማኔ ቤት ገብቶ መቀመጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ልቃቂቱን አድርሶ ከደጅ መመለስ ነው እንጂ፥ ገብቶ መጫወት፥ ይልቁንም እህል መቅመስ አልተለመደም። ስለዚህ ሰው እንዳያየኝ ሲመሽ ሄድሁ።

እሳቸውም እግራቸውን ከጉድጓዱ ከተው፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሱ ይሠሩ ነበር። እኔም፥ «አንተ፥ ከተልባ አገዳ ክር ይወጣልን?» አልኳቸው። አባቴን የሚያህሉትን ሰው «አንተ» ማለቴ ነው። ስሕተት መሆኑ እንኳ አልታወቀኝም፤ በሠፈራችን ትልቁም ትንሹም እንዲሁ ይጠራቸው ነበርና። እሳቸው ግን አልተቈጡም፤ «እስቲ አምጣው ልጄ» አሉኝ። አገዳውን ሰበር አድርገው ልጡን በጣታቸው መካከል ለረጅም ጊዜ አሹት። ከዚያም፥ «ቃጫ አለው። ነገር ግን ቃጫውን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀ ሙጫ አለ፤ እርሱን የሚፈታው ዱላ ሳይሆን ውኃ ነው» አሉ።

እንደ ነገሩንም አገዳውን ከወንዝ ዳር በቆመ ውኃ ውስጥ በድንጋይ ተጭነን ዘፈዘፍነው። ከዐሥር ቀን በኋላ ስናወጣው ሽታው የሚያስሸሽ ነበረ። አጠቡት፥ በፀሐይ አደረቁት፥ በእንጨት እየመቱ እብቁን አራገፉት፤ የቀረውንም በጭናቸው ላይ ገመዱት። አንድ ክንድ የምታህል፥ ዐመድማ፥ ሻካራ ክር ወጣች። በሁለት እጃቸው ቢስቧት አልበጠስ አለች። «ክርስ አለው፤ ግን አጭር ነው። የእኛ ተልባ ያደገው ለአፍ ነው እንጂ ለገላ አይደለም» ብለው ክሯን ሰጡኝ።

ከገና በፊት ክሯን ለመምህሩ አሳየሁ። እጅግ ተደነቁና፥ «ይህን ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ያየኛል። የሸማኔ ቤት ገብቼ እንደ ተቀመጥሁ መናገር አሳፈረኝ። «እኔው ራሴ ሞክሬ ነው» አልኩ። መጽሐፉን ተሸለምሁ፥ ተጨበጨበልኝም። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረ።

ስለ ተልባ እግር

እንግዲህ መምህሩ የነገሩን እውነት መሆኑን ካደግሁ በኋላ አንብቤ ተረድቻለሁ። በግብፅ አገር ታርካን ከሚባል የመቃብር ቦታ የተገኘ አንድ ቀሚስ በለንደን ከተማ በፔትሪ ቤተ መዘክር ይገኛል። የተሠራው ከተልባ እግር ነው፤ ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ባስታወቁት ምርመራ ዕድሜው ከ5000 ዓመት ይበልጣል። የጥንት ግብፃውያን ሙታናቸውን የሚገንዙትም በዚሁ ጨርቅ ነበር። በኦሪት ዘጸአት በረዶ በወረደ ጊዜ ተልባውና ገብሱ እንደ ተመታ የተጻፈውም በዚያ አገር ተልባ ምን ያህል ይዘራ እንደ ነበረ ያሳያል።

ለልብስ የሚሆነው ተልባ አዘራሩም አሰባሰቡም ልዩ ነው። ቅርንጫፍ ሳያወጣ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል፤ ቁመቱም አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ቃጫው እንዳያጥር በማጭድ አይታጨድም፤ ከነሥሩ ይነቀላል። ፍሬው ከተራገፈ በኋላ አገዳው በውኃ ይዘፈዘፋል፥ ወይም በሜዳ ተዘርግቶ ጤዛ ይመታዋል። ሙጫው ሲለቅ ይደርቃል፥ ይሰበራል፥ እብቁ በምት ይራገፋል፥ በብረት ጥርስ ይበጠራል፥ ከዚያም ይፈተላል። የጓደኛዬ አባት ፊደል ሳይቈጥሩ፥ አገዳውን በጣታቸው አሽተው ብቻ የደረሱበት ይህንኑ መንገድ ነው። ዛሬ ለልብስ የሚሆነው ተልባ በብዛት የሚበቅለው በፈረንሳይ፥ በቤልጅግና በሆላንድ የባሕር ጠረፍ አጠገብ ነው። በሰሜን አየርላንድ የምትገኘው የቤልፋስት ከተማም በተልባ እግር ሥራ ስሟ የገነነ ነበረች።

የእኛ ተልባ ግን ዕድሉ ሌላ ሆነ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ የአገራችንን አዝርዕት ለመመርመር መጥቶ፥ የኢትዮጵያ ገበሬ ተልባን የሚዘራው ለቃጫው ሳይሆን ለፍሬው፥ ይኸውም ለምግብ መሆኑን አይቶ ተደንቋል። ገበሬው ከትውልድ ወደ ትውልድ ለዘር የሚያስቀረው ፍሬ የሚበዛለትን ነው፤ ስለዚህ ተልባችን አጭርና ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሆነ። «ለአፍ ነው እንጂ ለገላ አይደለም» ያሉት ሸማኔ ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሰውት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ሲተረጐም ያ ጨርቅ በአንዳንድ ቦታ «የተልባ እግር»፥ በሌላ ቦታ ደግሞ «በፍታ» ተብሏል። በፍታ የሚለው ቃል መነሻው የፋርስ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም «የተሸመነ» ማለት ነው። ስሙም የወጣው በህንድ አገር ለሚሠራው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ስለዚህ ተልባው በማሳችን እያለ የጨርቁን ስም ከባሕር ማዶ ተዋስን፤ ያውም የጥጥ ጨርቅ ስም። ተርጓሚዎቹን አልነቅፍም፤ አንባቢው በዓይኑ አይቶ የሚያውቀው ነጭና ጥሩ ጨርቅ በፍታ ነበረና።

የአገራችን ልብስ

የተልባ እግር ወደ አገራችን ጨርሶ አልገባም ማለት ግን አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ አንድ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከግብፅ የሚመጡ ልብሶችን፥ ዘርፍ ያላቸውን የተልባ እግር ጨርቆችና ከህንድ የሚመጣውን የጥጥ ጨርቅ ይቈጥራል። ንጉሥ ኢዛናም በአራተኛው መቶ ዓመት ኖባን በወጋ ጊዜ የጠላቶቹን እህልና ጥጥ እንዳጠፋ በድንጋይ ላይ አስጽፏል። እንግዲህ ጥጥ ከጥንት ጀምሮ በዙሪያችን ነበረ ማለት ነው።

ከዚያም በኋላ ጥጥ አሸነፈ። ጥጥ በቈላ ይበቅላል፥ ለመዘፍዘፍም ለመቀጥቀጥም አያስቸግርም። የደጋው ሰው ደግሞ ብርዱን የሚከላከልበት ወፍራም ልብስ ያስፈልገዋል። አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ሲኖር፥ ከጎጃም ለንጉሡ የመጣውን ግብር አይቶ ጽፏል፤ ከወርቁ፥ ከ3000 በቅሎና ከ3000 ፈረስ ጋር 3000 ወፍራም የጥጥ ልብስ ቀርቦ ነበር። ልብሱ ከፈረስና ከበቅሎ እኩል መቈጠሩን ልብ በሉ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰውም በ1762 ዓ.ም. ዐድዋ በደረሰ ጊዜ፥ በዚያ የሚሠራው የጥጥ ጨርቅ እንደ ገንዘብ ሆኖ ሲሸጥበትና ሲገዛበት አይቷል።

በእኛም አገር፥ በቤጌምድር፥ ጥጡ ከቈላ እየተጫነ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የብዙ ሰው ነው። ፍሬው በመዳመጫ ተዳምጦ ይወጣል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፥ ባዘቶ ይሆናል፥ በእንዝርት ይፈተላል፥ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በቀሰም አድውሮ ይሸምነዋል። ነጠላ በሁለት ድርብ፥ ጋቢ በአራት ድርብ ይሰፋል፤ ጋቢ የሚያሞቀውም በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። እናቴ ለአንድ ጋቢ የሚሆነውን ፈትል ለመጨረስ ብዙ ወራት ይፈጅባት ነበር፤ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን እንዝርቷ ሲሾር እየሰማሁ እተኛ ነበር።

የተመሰገነ እጅና የተናቀ እጅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በአገራችን ደገኛ ሕዝብ ዘንድ መፍተል የሴቶች ሁሉ ክብር ነበረ፤ ድኻይቱም ባላባቲቱም ትፈትል ነበር። «ባለሙያ ናት፥ ፈትሏ ቀጭን ነው» መባል ትልቅ ምስጋና ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ የተመሰገነችው ልባም ሴትም የበግ ጠጕርና የተልባ እግር ፈልጋ በእጆችዋ ትሠራለች። ነገር ግን ያው ፈትል ከፈታይዋ እጅ ወጥቶ ወደ ሸማኔው እጅ ሲገባ፥ ምስጋናው ወደ ስድብ ይለወጥ ነበር። ክሩ አንድ ነው፥ ልብሱም አንድ ነው፤ ታዲያ ፈታይዋ ስትመሰገን ሸማኔው ለምን ይሰደባል? ጌታው በሸማው አጊጦ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ ሸማውን የሠራውን ሰው ግን ከገበታው አያቀርበውም። ይህን የመሰለ ትዝብት የለም።

በጎንደር፥ በደምቢያና በወገራ ዙሪያ የሽመናውንና የቀጥቃጭነቱን ሥራ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም፤ መሬት የከለከላቸው ሕዝብ መልሶ በእጅ ሥራቸው ይንቃቸው ነበር። የመሬት ዐዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ መሬት ያገኙ አሉ። ቤተ እስራኤል ግን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሆነው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱትም ወደ ተስፋቸው አገር ስለ ሆነ ደስ ይበላቸው። ዳሩ ግን በብዙ መንደር የማረሻው ብረትና የሸማው ሥራ ባለቤት ባጣ ጊዜ፥ ሰው የናቀው እጅ ምን ያህል ያስፈልገው እንደ ነበረ ዘግይቶ ዐወቀ።

ነገሩ ለነገሥታቱ የተሰወረ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ፥ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ጸሐፊውን፥ ነጋዴውን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዘዋል። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ሥራ መንደር አቋቁመው፥ ከኤውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን ባለ እጆችንና የአገሩን ሰዎች አንድ ላይ አሠርተዋል። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ስለዚህ መድፍ ስንናገር አንገታችን ቀና ይላል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን መድፉ አንድ ጦርነት እንኳ ሳያሸንፍ በመቅደላ ቀረ፤ የሸማኔው ጋቢ ግን በየሌሊቱ የጉናን ብርድ ሲያሸንፍልን ኖሯል። መድፍ የሠራውን እጅ ስናከብር ጋቢ የሠራውን እጅ ለምን እንንቃለን?

የንጉሥ ዐዋጅ ምላስን ይከለክል ይሆናል፤ ልብን ግን የሚከለክለው ትምህርት ነው። እኔ የተወለድሁት ከዐዋጁ ግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ሸማኔውን «አንተ» ብዬአለሁ፥ ዕውቀታቸውንም ሰርቄ በስሜ ሸጬአለሁ።

ልብስ ስለ መግዛትና ስለ መያዝ

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለኑሮአችሁ የሚጠቅማችሁን ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። ዛሬ ገበያው በልዩ ልዩ ጨርቅ ሞልቷል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የፋብሪካ ጨርቅ ቀርቦልናል፤ ይህም መልካም ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የአገር ልብስ መስለው በሰው ሠራሽ ክር የተሠሩ፥ ጥለታቸው የታተመ ጨርቆች ከውጭ እየገቡ በሸማ ስም ይሸጣሉ። በዋጋቸው ርካሽነት ሳትደሰቱ አስቀድማችሁ መርምሩ።

ስትገዙ ከጫፉ አንድ ክር እንዲሰጣችሁ ለምኑና ከጨርቁ ርቃችሁ በእሳት ለኩሱት። ጥጥና የተልባ እግር እንደ ወረቀት ይነዳሉ፤ ሽታቸው የተቃጠለ ወረቀት ነው፥ ዐመዳቸውም ልሞ ይበናል። ሰው ሠራሹ ክር ግን ይቀልጣል፥ እንደ ላስቲክ ይሸታል፥ ሲበርድም ደረቅ እንክብል ይሆናል። ሁለተኛ፥ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ፤ ድሩና ማጉ የሳሳበት ቦታ ቶሎ ይቀደዳል። ሦስተኛ፥ ጥለቱን በሁለቱም ገጽ ተመልከቱ፤ የተሸመነ ጥለት በጀርባውም ይታያል፥ የታተመ ግን ከአንድ ወገን ብቻ ይደምቃል። አራተኛ፥ የሠራውን ሰው ካገኛችሁ ከእርሱ ግዙ፤ ስትከራከሩም የድካሙን ዋጋ እስክታሳጡት አትከራከሩ። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የተልባ እግር ልብስ የምትገዙ ብትሆኑም ቶሎ መጨማደዱን እንደ ጉድለት አትቍጠሩት፤ ጠባዩ ነው። ጥቂት እርጥበት ሳለው በካውያ ቢተኰስ ይለሰልሳል፥ ለሙቀት አገርም እጅግ ይስማማል።

ልብስን መያዝ ከመግዛት ይበልጣል። ጥለት ያለውን ልብስ በመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ ቀለሙ ቢለቅ ሌላውን አያበላሽም። ጋቢን እንደ ገመድ ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት፤ በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ውኃውን አውጡና በንጹሕ ሣር ላይ ዘርግታችሁ በፀሐይ አድርቁት። በረኪና ነጩን ያነጣዋል፥ ነገር ግን ክሩን ይበላዋል፤ አታዘውትሩት። እርጥበት ሳለበት አጥፋችሁ ብታስቀምጡት ይሻግታል።

እናቶቻችን ነጩን ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበረ። የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው በውኃ ሲመቱት አረፋ ያወጣል። ይህን የእናቶች ዕውቀት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ በጥንቃቄ ተመለከቱት፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያም ምርምራቸውን ቀጥለው፥ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ወጣቶች ሆይ፥ የሊቅና የትዕቢተኛ ልዩነት ይህ ነው። ሊቁ ልብስ ከምታጥብ ሴት ለመማር አላፈረም፤ ከማን እንደ ተማረም ለዓለም ተናገረ። እኔ ግን ለ20 ተማሪዎች ለመናገር አፈርሁ።

ጉድጓዱ

በልዩ ልዩ አውራጃዎች ሳስተምር ከቈየሁ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ተመለስሁ። አንድ ቀን ማታ፥ ዛሬስ ሳልሸሸግ፥ ወደዚያ ሸማኔ ቤት ሄድሁ። አርጅተዋል፥ ዓይናቸውም ደክሟል። ጎንበስ ብዬ፥ «እንደምን አመሹ አባባ?» አልኳቸው። እንደዚያ ብዬ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ነበረ። ማን መሆኔን ነገርኳቸው፤ በትምህርት ቤት ያደረግሁትንም ሁሉ ተናዝዤ ይቅርታ ለመንሁ።

እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ በዚያው ቀን ነግሮኛል። ስለ ክሩ አላዘንሁም፤ አንድ ክንድ ክር ምን ይሆናል? ነገር ግን ያን ቀን ማታ ማጉን እንዲያደውርልኝ ብጠራው እንቢ አለኝ። ‹ተምሮም የሚያሳፍር ሥራ ምን ያደርግልኛል?› አለ። ከዚያ ወዲያ መወርወሪያ አልነካም። እኔም ዓይኔ ሲደክም የሚረከበኝ ስለ ሌለ ጉድጓዱን ደፈንሁት።» በእጃቸውም ወደ ቤቱ ማዕዘን አመለከቱኝ። ወለሉ ተደልድሎ እህል የያዘ ጎታ ቆሞበት ነበር።

የምመልሰው አልነበረኝም። ተነሥቼ ስወጣ፥ «ያቺ እናትህ የፈተለችው ጋቢ አለችን?» አሉኝ። አለች አልኳቸው። «እንግዲህ አትጠምዝዟት፤ ገና ብዙ ታገለግልሃለች» ብለው አሰናበቱኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ልጃቸው ከሌላ ከተማ በደኅና ይኖራል፤ እሱንም ይቅርታ ጠይቄው ይቅር ብሎኛል። ነገር ግን ይቅርታ የተደፈነውን ጉድጓድ መልሶ አይቈፍርም። አንድ ልጅ በአባቱ ሥራ እንዲያፍር ያደረግሁት በዱላ አይደለም፥ በስድብም አይደለም፤ መናገር የሚገባኝን ስም ባለመናገሬ ነው።

ይህን ስጽፍ ያቺን ጋቢ ለብሻለሁ። እናቴ የፈተለቻት፥ እሳቸው የሸመኗት ናት፤ ጫፏ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል፥ ሙቀቷ ግን እንዳለ ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ የለበስኸው ልብስ የማን ሥራ ነው ብለው ቢጠይቁህ እንደ እኔ አትሁን። የሠሪውን ስም ከነክብሩ፥ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ቦታ ተናገር።